ቀኙ ነው አልኩት

ነጩ ፋሻ የታሰረው በግራ ጉልበቷ ላይ ነበር።

ይህን ያየሁት የጁዶ ግጥሚያው ከተጀመረ በኋላ፣ ልጄ በደረቷ ወድቃ ስትነሳ የሱሪዋ እግር ወደ ላይ ሲሰበሰብ ነው። ተነስቼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆምኩ። ጎረቤቴ ጸጉር ሠሪዋ ግጥሚያውን ለማየት ብላ ደንበኛዋን ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ትታ ነበር የመጣችው። «ዞር በይ እንጂ፣ ጀርባሽ መስታወት መሰለሽ?» አለችኝ። አልሰማኋትም። የታመመው ቀኙ ነው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ራጁን የተነሳችው እኔ በምሠራበት ክሊኒክ ነው፣ ካርዷንም መደርደሪያው ላይ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ።

«የቡድኑ ወጌሻ ተሳስቷል» አልኩ። «ደህናውን እግር አስሮላታል።»

ወጌሻው አልተሳሳተም። ይህ የገባኝ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው፤ ተጋጣሚዋ ፋሻውን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ፣ ቀጥታ ወደ ቀኙ ስትወርድ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር፣ ካለዚያ ለእኔም ለሰውም አይገባም።

ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራ በገባሁ በሳምንቱ፣ አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ የወጣ ሰው ዳሌው ተሰብሮ መጣ። ከዚያ ወዲህ በእኔ ቤት አምፖል የሚቀየረው ወንበሩን ሁለት ሰው ይዞ ነው። ስልክ ሲጮህ ከማንሳቴ በፊት ጫማዬን እፈልጋለሁ። ልጄ «አምቡላንስ» ትለኛለች። ጸጉር ሠሪዋ ደግሞ ሠርግ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው መውጫውን በር ነው ብላ ሰፈሩን ታስቃለች። እውነቷን ነው።

በአንድ ነገር ግን ማንም አይሰድበኝም። ካርድ ላይ ያየሁትን ከአፌ አላወጣም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ባሏ ምን ታክሞ እንደመጣ ከእኔ ልትሰማ ሞክራለች። ጸጉር ሠሪዋ ራሷ አንድ ሙሉ ከሰዓት በነፃ ጸጉሬን እየሠራች ስለ አንዲት ሴት ስትጠይቀኝ ውላ፣ የወሰደችው ነገር ቢኖር የራስ ቅሌን ልክ ነው።

ጁዶን ወደ ቤታችን ያመጣው ወንድም ጋሼ ነው። ታላቄ ነው፣ በሰባት ዓመት። አባታችን ሲሞት እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ደብተሬን የገዛልኝ፣ ትምህርት ቤት ተጠርቶ የቆመልኝ፣ ባሌ ጥሎኝ ሲሄድም ሻንጣዬን ተሸክሞ ወደ አባታችን ቤት የመለሰኝ እሱ ነው። ወጣት ሳለ ከአንድ የውጭ አገር መምህር ጁዶ ተምሮ፣ ኋላ የድሮ እህል መጋዘን ውስጥ ልጆች ማሠልጠን ጀመረ። ምንጣፉ ስፖንጅ በሸራ ተሰፍቶ የተሠራ ነበር። ሲወድቁበት አቧራው ይነሳል፤ አቧራው ውስጥ ያለፈ ዘመን ስንዴ አለበት እያለ ይቀልድ ነበር።

ልጄን በዘጠኝ ዓመቷ ወሰዳት። ማታ ማታ ደግሞ ሳሎናችን ውስጥ ጠረጴዛውን ገፍቶ እዚያው ያለማምዳታል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የጠረጴዛውን ጠርዝ በትራስ እሸፍናለሁ። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቃል አያዝዛትም። ወደ የትኛው እግር እንደምትሄድ ሊነግራት ሲፈልግ የራሱን ጉልበት በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል። ግራውን ከመታ ወደ ግራ፣ ቀኙን ከመታ ወደ ቀኝ። ከሦስታችን በቀር ይህን ምልክት የሚያውቅ አልነበረም። ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። ቢበዛ አራት ዓመት ነው፣ አሁን ሳስበው ግን ዕድሜዬን ግማሽ የያዘ ይመስለኛል። ከመጋዘኑ የወጡ አምስት ሴት ልጆች ለዓለም ሻምፒዮና ተሰለፉ። በመጀመሪያው ዓመት አምስቱም በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸንፈው ተመለሱ። ወጌሻው ሲያወራ፣ ልጆቹ ከተጋጠሙበት ጊዜ ይልቅ እጅ የነሱበት ይበልጣል ይል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ልጄ በሃምሳ ሁለት ኪሎ ነሐስ አመጣች። በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ሕፃናት ሁሉ መንገድ ላይ ሲጣጣሉ ይውሉ ነበር፤ ክሊኒካችን የክንድ ስብራት በዛበት። ከሻምፒዮናው በፊት ስሟን እንኳ የማያውቁ ሰዎች «የጁዶዋ እናት» እያሉ ወረፋ ያስቀድሙኝ ጀመር።

ያን ጊዜ የተጋጣሚን እግር በእጅ መያዝ ይፈቀድ ነበር። ኋላ ሕጉ ተለውጦ ቀረ። ዛሬ የሚጫወቱ ልጆች ሲሰሙት ተረት ይመስላቸዋል፤ ያን ጊዜ ግን ብዙው ድል የሚመጣው ዝቅ ብሎ ከጉልበት ጀርባ ወይም ከቁርጭምጭሚት ይዞ በመገልበጥ ነበር። ስለዚህ የታመመ ጉልበት ያላት ልጅ ምንጣፍ ላይ ስትወጣ፣ ጉዳቷን ማንም እንዳያውቅባት ማድረግ ግማሽ ሥራዋ ነው።

በነሐሱ ማግስት ወንድም ጋሼን የሌላ አገር ቡድን ለአሠልጣኝነት ጠራው። ሄደ። ልጄ ሁለት ቀን አኩርፋ ሦስተኛው ቀን ቦርሳውን አብራው አሰረች። እኔም የኑሮ ነገር ነው ብዬ ሸኘሁት። የቤቱን ቁልፍ ሊመልስልኝ ሲል አልተቀበልኩም። የአባታችን ቤት ነው፤ በመጣ ጊዜ ይግባ። በእሱ ምክንያት የውስጡን መቀርቀሪያ ዘግተነው አናውቅም፤ በቁልፍ ብቻ ነው የምንቆልፈው። እኔ፣ መስኮት ሦስት ጊዜ የማረጋግጠው ሴት፣ መቀርቀሪያ ሳልዘጋ የምተኛው ለእሱ ስል ነበር።

የጉልበቷ ነገር የጀመረው ከዚህኛው ሻምፒዮና ሁለት ወር በፊት ነው። ደረጃ ስትወርድ አንዱን እግር አስቀድማ ሌላውን እየጎተተች ስትከተል አየሁ። ምንም አይደለም አለችኝ። ወደ ክሊኒክ ጎትቼ ወሰድኳት። ሐኪሙ ጅማቷ እንደላላ፣ ብታርፍ እንደሚሻል፣ ካላረፈች ግን ሊበጠስ እንደሚችል ነገራት። ልጄ ካርዱን ከእጁ ተቀብላ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ይኸው አምቡላንስ፣ ቦታው ላይ አስቀምጪው» አለች። «ይህን የሚያውቁት እኔ፣ አዲሷ አሠልጣኜና ወጌሻው ነን። አንቺን አልቆጥርሽም፤ አንቺ መደርደሪያ ነሽ።»

እንዳትሄድ ለመንኳት። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በየቀኑ «ተይው» ስላት ስለኖርኩ ልመናዬ እንደ ሰዓት ድምፅ ሆኖባታል፤ ትሰማዋለች፣ አታዳምጠውም። ሳመችኝና ሄደች።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ቀን ጠዋት ደወለች። ዕጣ ወጥቶ ነበር። ሁለቱን ካሸነፈች ለግማሽ ፍጻሜ የምትደርሳት ጋሼ የሚያሠለጥናት ልጅ ናት አለችኝ፤ «ረጅሟ» የሚሏት። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ጋሼ ፊት ለፊቷ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ልታየው ጓጉታለች።

እኔ አልሳቅኩም። ቀኑን ሙሉ ካርድ ሳወጣ በየካርዱ ላይ ጉልበት አየሁ። ከምሳ በኋላ ከክፍሉ ወጥቼ፣ ኮሪደሩ ጫፍ የተሰበሩ ወንበሮች የተከመሩበት ቦታ ቆሜ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«ምነው፣ ማን ሞተ?» አለ። ስደውልለት ሁልጊዜ የሚለው ነው።

ማንም አልሞተም አልኩት። የልጅቷ ጅማት እንደላላ ነገርኩት። ሐኪሙ ያለውን፣ ደረጃ ስትወርድ ያየሁትን፣ ሁሉንም። ነገ ከአንተ ልጅ ጋር ከተገናኙ እባክህ፣ ማሸነፉን ታሸንፍ፣ ጉልበቷን ብቻ እንዳትነካባት ንገርልኝ አልኩት። ደብተር የገዛልኝን ወንድሜን ነው ያናገርኩት። የሌላ አገር ቱታ የለበሰውን ሰው አላሰብኩትም።

ከበስተጀርባው የሰዎች ጩኸትና የፉጨት ድምፅ ይሰማ ነበር።

«የቱ ነው ያልሽኝ?»

«ቀኙ ነው።»

«እሺ። አይዞሽ» አለኝ። «እኔ እያለሁ ማን ይነካታል?»

ያን ዕለት በስንት ሳምንቴ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። በነጋታው ጸጉር ሠሪዋ ስትመጣ ፊቴን አይታ፣ ዛሬ ምን ቅመሽ ነው የተረጋጋሽው ብላኛለች።

ልጄ ሁለቱንም ግጥሚያ አሸነፈች። ሁለቱም ተጋጣሚዎቿ ወደ ግራ እግሯ ሲወርዱ፣ ጠብቃ ሲያጎነብሱ ገልብጣ ጣለቻቸው። እኔ ዕድል መሰለኝ። ኋላ ወጌሻው እንዳስረዳኝ ሥራ ነው። ተጫዋቾቹ ሁሉ በሚያሟሙቁበት አዳራሽ መሐል አስቀምጧት፣ የግራ ሱሪዋን ጠቅልሎ፣ ያልታመመውን ጉልበት በወፍራም ነጭ ፋሻ ሲያስር ሁሉም አይቷል። እሷም እንደታዘዘችው ፊቷን አጨማድዳለች። ቀኙን ግን መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ ቆዳ በሚመስል ስስ ፕላስተር አስሮታል። አዳራሹ ሙሉ ግራዋን ይዞ ወጣ። ከአንድ ሰው በቀር።

ለግማሽ ፍጻሜው እሷ ነጭ፣ ረጅሟ ሰማያዊ ለብሰው ወጡ። ካሜራው ወንድሜን አሳየው። ክብደት ጨምሯል። ጸጉር ሠሪዋ «ወንድምሽ ቱታው አምሮበታል» አለች፣ እኔም ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ ኮራሁ። ከዚያ ልጄ በደረቷ ወደቀች፣ ዳኛው ነጥብ አልሰጠም፣ ተነሳች፣ ሱሪዋ ተሰበሰበ፣ ፋሻውን አየሁ።

ወደ መሐል ተመልሰው ቀበቷቸውን ሲያስተካክሉ ካሜራው እንደገና ወደ ወንበሩ ሄደ። ወንድሜ ቀኝ ጉልበቱን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገ።

ልጄም አይታዋለች። የእሱን ምልክት ለማየት ከአሥር ዓመት በላይ የሠለጠነ ዓይን ነው፤ ሳትፈልግ ዞራለች። በዚያች ዞር ባለችባት ቅጽበት ረጅሟ ዝቅ ብላ ገባች። ግራ እጇን ከልጄ ቀኝ ጉልበት ጀርባ አደረገች፣ በትከሻዋ ገፋች። የልጄ እግር ምንጣፉ ላይ ተተክሎ ቀረ፣ ሰውነቷ ግን ዞረ። በጀርባዋ ወደቀች። ዳኛው እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፣ ኢፖን ነው፣ ጨዋታው በአንድ ጥል አለቀ ማለት ነው።

ጉልበቷን ይዛ አልጮኸችም። ተኝታ፣ አንገቷን አቅንታ ወንበሩን ነበር የምታየው። ወንድሜ ተነስቶ እያጨበጨበ ነበር።

ጸጉር ሠሪዋ ደንበኛዬ ተቃጠለች ብላ ወጣች።

ጅማቷ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። እዚያው አገር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በክራንች ተመለሰች። ሐኪሙ በዓመት ከስድስት ወር ወደ ምንጣፍ ልትመለስ ትችላለች፣ ላትመለስም ትችላለች ብሏታል። ሻምፒዮና እንደሆነ እንደ አውቶቡስ ቆሞ አይጠብቅም፤ ልጄ ደግሞ ሃያ አራት ሞልቷታል።

ክፉውን ሁሉ አስቀድሜ የማስበው እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ቤት ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ስለ ጉልበቷ አንድ ቃል አላወራችም። የምታወራው ስለ ወጌሻው ነው። ሦስት ሰው ነው የሚያውቀው። እሷ አልተናገረችም። አሠልጣኟ የገዛ ተጫዋቿን አትሸጥም። የቀረው ወጌሻው ነው፣ እሱ ደግሞ ከጋሼ ጋር በዚያ በመጋዘኑ ዘመን ሥራ የጀመረ የድሮ ጓደኛው ነው። ለፌዴሬሽኑ እንዲህ ብላ ጽፋ ሰጠች። ወጌሻው ከሥራ ታገደ፤ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ሰኞ ጠዋት ሊሰበሰብ ተቀጠረ።

እኔ ሰማሁ። ትራስ አነሳሁላት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ሰጠኋት። አልተናገርኩም። ዛሬ ትንሽ ይሻላት እላለሁ። ነገ ስፌቱ ይፈታ እላለሁ። በየቀኑ የማገኘው ምክንያት ነበር።

ሐሙስ ወጌሻው ቤት መጣ። አጭር፣ እጁ ትልልቅ የሆነ ሰውዬ ነው። ልጄ አላየውም ብላ በሯን ዘጋችበት። ሳሎን ተቀምጦ ያስቀመጥኩለትን ሻይ ሳይነካ፣ የፋሻውን ነገር ከላይ የነገርኳችሁን ሁሉ ያን ቀን ነው ያጫወተኝ። በጣም የቆጨው የልጄ አለማመን ሳይሆን ያ ሁሉ ዘዴ ውሃ በልቶት መቅረቱ ይመስል ነበር።

«እትዬ» አለኝ ሲወጣ፣ «ያን ጉልበት እኮ ሁለት ወር በእነዚህ እጆቼ አሽቻለሁ። እንዴት እሸጠዋለሁ?»

አውቃለሁ አልኩት። አላብራራሁም። እሱ ማጽናኛ መሰለው።

ወንድሜ የመጣው እሑድ፣ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ጫማውን እንደ ልማዱ በር ላይ አውልቆ፣ በካልሲው ሳሎን ገባ። ልጄ ሶፋው ላይ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ነበር። አላየችውም እንዳይባል አየችው፤ ሰላም ግን አላለችውም። እሱ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት፣ ከቦርሳውም ካርቶን አውጥቶ ጭኗ ላይ አኖረላት። የጉልበት መደገፊያ ነው፣ ብረት ያለው፣ ከዚያ ወዲያ የለም የሚባል።

ካርቶኑን አገላብጣ አየችው።

«የቀኝ ነው» አለች።

«አሁንማ ዓለም ያወቀው ነው።» ሳቅ አለ። «አታኩርፊ። ጨዋታ ነው። አንቺም በእኔ ቦታ ብትሆኚ ታደርጊው ነበር።»

«ጋሼ፣ ማን ነገረህ?»

እኔ ከኩሽና በር ላይ ቆሜያለሁ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑን ብዙ ሳያቆይ ወደ እሷ መለሰው።

«እሱን ተይው» አለ። «ብቻ የወጌሻ ነገር ታውቂያለሽ፤ እጁም አፉም ሥራ አይፈታም።»

ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። የምትፈልገውን የሰማች ሰው ትመስል ነበር። ጉልበቷን የጠቆመበትን እንኳ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሥራው ነው፣ ስሜት ውስጥ ገብቶ ነው፣ ልጅቷ ራሷ አይታ ነው እያልኩ በየሌሊቱ ሳሰማምርለት ከርሜ ነበር። ይህን ግን የማሰማምርበት አልነበረኝም።

ሻይ ላፍላ ብዬ ገባሁ። ተከትሎኝ መጣና በሩን መለስ አደረገው።

«ፊትሽን አስተካክይ፣ ትነቃብናለች» አለኝ።

«ትነቃብናለች።» እኔንና እሱን አንድ ላይ አድርጎ።

ለምን እንዳደረገው ጠየቅኩት። ሁለት ጊዜ ነው የጠየቅኩት።

«ነገርሽኝ» አለ። «አንዴ ከሰማሁ በኋላ ያልሰማሁ ልሁን? ወንበሩ ላይ ያስቀመጡኝ ላሸንፍ ነው። ስበሪያት አላልኩም፤ በዚያ በኩል ሂጂ ነው ያልኩት።»

«አይዞሽ ብለኸኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?» ብርጭቆዎቹን ከመደርደሪያው አውርዶ ሰደረልኝ፤ የት እንዳሉ ያውቃል። «አሁን ስሚኝ። እኔ ለማንም አልናገርም፣ ላንቺ ስል። ወጌሻው ሌላ ቡድን አያጣም። ልጅቷ እናቷን ከምታጣ ወጌሻ ብታጣ ይሻላታል።»

በጣም በፍቅር ነው ያለው። ደብተር በገዛልኝ ድምፅ። እንደዚያ ባይለው ኖሮ ምናልባት ዝም ብዬ ሻዩን እቀዳ ነበር። ግን ያን ድምፅ ስልክ ላይ ሰምቼዋለሁ።

ምድጃውን አጥፍቼ ሳሎን ገባሁ። ልጄ ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እሱም ከኋላዬ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ወጌሻው አይደለም። እኔ ነኝ» አልኳት።

አልገባትም። እንደገና ነገርኳት፣ ከኮሪደሩ ጀምሬ። ጉልበትሽን እንዳትነካ ንገርልኝ ብዬ እንደለመንኩት። የቱ ነው ብሎ እንደጠየቀኝ። ቀኙ ነው እንዳልኩት።

ልጄ እኔን ትታ እሱን አየችው። እሱ ካልሲውን ይመለከት ነበር።

«ጋሼ» አለችው፣ «ጫማህን አድርግ።»

«የአባቴ ቤት ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ጫማህን አድርግ።»

አደረገ። ጎንበስ ብሎ ክሩን ሲያስር ጊዜ ወሰደበት፤ አርጅቷል፣ ጣቶቹ አይታዘዙትም። የሰባት ዓመት ልጅ እያለሁ የእኔን ጫማ ያስር የነበረው እሱ ነው። ልረዳው እጄ ተነስቶ ነበር። መለስኩት። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ደህና እደሩ ሳይል ወጣ።

ልጄ መደገፊያውን ካርቶኑ ውስጥ መልሳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ስልኳን አንስታ ወጌሻው ጋ ደወለች። ብዙ አላወራችም፤ ስህተቱ የእሷ እንደሆነ፣ ጽሑፏን ጠዋት እንደምታነሳ፣ ይቅርታ እንዲያደርግላት። እሱ ምን እንዳላት አልሰማሁም፣ ግን አንድ ጊዜ አፍንጫዋን ጠረገች። ነገ ኮሚቴው ፊት የምቀርበው እኔ ነኝ አልኳት፤ ያልኩትን ሁሉ በገዛ እጄ ጽፌ እፈርማለሁ። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ «የሰፈሩን ሰው ሁሉ ካርድ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀሻል» አለችኝ።

«አዎ።»

«የእኔን ብቻ።»

«ፈርቼ ነው።»

«ሁልጊዜ ትፈሪያለሽ እኮ። ማን ያዳምጥሻል?»

እሱ አዳመጠኝ። በሕይወቴ ፍርሃቴን ሳይስቅበት እስከ መጨረሻው የሰማኝ፣ የቱ ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ይህን አልነገርኳትም።

ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። በቁልፍ ቆለፍኩና መቀርቀሪያውን ያዝኩ። አልንቀሳቀስ አለኝ። ዓመታት ዝጎ ከቀለሙ ጋር ተጣብቋል። የምግብ ዘይት አምጥቼ አንጠባጠብኩበት፣ በጫማዬ ተረከዝ መታሁት። ግማሽ ጣት ያህል ሄዶ ቆመ። በትከሻዬ በሩን እየገፋሁ እንደገና መታሁት።

ከኋላዬ የክራንቿ ድምፅ መጣ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ። እንዳትወድቂ ልላት ዞርኩና አፌን ያዝኩ።

አጠገቤ ደርሳ አንዱን ክራንች ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

«አትግፊው» አለች። «ትገፊዋለሽ፣ ይገፋሻል። መጀመሪያ ወደ ራስሽ ሳቢው።»

የበሩን እጀታ ይዛ፣ ደህናውን እግሯን ተክላ፣ ወደ ራሷ ሳበችው። በሩ ከጉበኑ ጋር ገጠመ። እኔ መቀርቀሪያውን በአውራ ጣቴ ብቻ ነካሁት፣ እስከ መጨረሻው ገባ።